ዘፋኝ ሲሞት እንዴት እንደሚለቀስ

ልጄ፣ የምትወደው ዘፋኝ የሞተብህ ዕለት አልቅስ። «ሥጋ ዘመዱ አይደል፣ ምን ያስለቅሰዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ አትስማው። ያ ዘፋኝ በወንድምህ ሠርግ ላይ አስጨፍሮሃል፣ እንቅልፍ እምቢ ባለህ ሌሊት አብሮህ ነቅቷል፣ ለማንም ያልነገርከውን የልብህን ነገር ቀድሞህ ተናግሮልሃል። ይህን ያህል የዋለልህ የሥጋ ዘመድ ስንት አለህ? ስለዚህ ለቅሶህን አልከለክልህም። የምመክርህ ስለ አለቃቀሱ ነው።

ዓለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ80 ዓመቱ ሲያርፍ አዲስ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር። ወሬው አቃቂም ደረሰ። መንገድ ዳር ያሉት ቡና ቤቶች ዘፈኖቹን ከፈቱ። እኔ በነበርኩበት በረንዳ የተቀመጡት የፋብሪካ ጡረተኞች ጨዋታቸውን አቋርጠው አዳመጡ፤ አንዱ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ከአጠገባችን የነበሩ ወጣቶች ደግሞ ፎቶውን በስልካቸው አወጡና «የኢትዮጵያው ኤልቪስ፣ ነፍስ ይማር» ብለው ለጓደኞቻቸው አስተላለፉ። ሠልስት እስኪወጣ ድረስ ፎቶው በየስልኩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጠፋ። አንዱን ልጅ ጠጋ ብዬ «ከዘፈኖቹ የትኛውን ትወዳለህ?» ብለው አንድም አላወቀም። ልጁ ክፉ አይደለም። ሀዘኑም የውሸት አልነበረም፤ ታላላቆቹ ሲያዝኑ አይቶ አብሮ አዘነ። የሚያዝንለትን ሰው ግን አያውቀውም፤ የማያውቁት ሰው ሀዘን ደግሞ ከሦስት ቀን አይዘልም።

አገራችን ለዚህ ነገር ከጥንት ያበጀችው ሙያ አላት። ጥሩ አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትደርስ ዘላ ወደ ድንኳኑ አትገባም። አስቀድማ ከጎረቤት ትጠይቃለች። የማን ልጅ ነው? ምን ሠርቶ አደረ? ማንን አስተማረ፣ ማንን ዳረ? ከማን ጋር ተኳርፎ ሳይታረቅ ሄደ? ይህን ሁሉ ከያዘች በኋላ ነው ድምፅዋን የምታሰማው። ያኔ ሙሾውን ስታወርደው ሟቹን አይቶት የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቀዋል፤ የሚያውቀውም የረሳው ነገር ትዝ ይለዋል። «ደግ ሰው ነበር፣ አገር ጎደለ» ብላ ብትጨርስ ግን አንድ ሰው እንባ አያወጣላትም፤ ይህ ለሁሉም ሟች የሚባል ነዋ። ለዘፋኝ ስታለቅስ እንደዚህች ሴት ጠይቀህ አልቅስ።

ስለ ዓለማየሁ ብትጠይቅ ምን ይነግሩህ እንደነበር እነሆ።

በ1933 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ነው። በወጣትነቱ የአሜሪካ ፊልምና ሮክ ኤንድ ሮል ልቡን ወሰዱት። ጸጉሩን እንደ ኤልቪስ ፕሪስሊ አሳደገ፣ እንደ አሜሪካኖቹ ለበሰ፣ የኤልቪስን ዘፈኖች በእንግሊዝኛ እያዜመ መድረክ ወጣ። ስሙ የገነነው ግን በአማርኛ መዝፈን ሲጀምር መሆኑን ራሱ በየቃለ ምልልሱ ይናገር ነበር። እዚህ ላይ ቆም በል፣ ልጄ። ብዙ ሰው ስለ ዓለማየሁ ሲያወራ ኤልቪስን መምሰሉን ተናግሮ ያበቃል። እኔ ግን የሰውየው ትልቅነት የሚጀምረው መምሰሉን ከተወበት ቦታ ነው እላለሁ። የመድረክ ነፃነቱን፣ እንቅስቃሴውን፣ ከደረቱ የሚፈነቅለውን ያን ጩኸት ከአሜሪካኖቹ ተምሮ ይሆናል፤ ከኤልቪስም ከጄምስ ብራውንም። በእኛው ቅኝት ላይ፣ በአማርኛ ቃል ላይ ሲያሳርፈው ግን ምሬቱም ደስታውም የእኛ ሆነ። «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የሚለው ስም በፍቅር የወጣ ስም ነውና አልጠላውም። ሆኖም ይህን ሰው ለማያውቀው ለማስተዋወቅ ሌላ ስም ከሌለህ፣ ገና አልሰማኸውም ማለት ነው።

መነሻው የፖሊስ ኦርኬስትራ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ወጣት ተነስቶ ባንድ ላቋቁም ቢል መሣሪያውም ቦታውም የመንግሥት ነበር። ትልልቆቹ ሙዚቀኞች የወጡት ከክብር ዘበኛ፣ ከጦር ሠራዊት፣ ከፖሊስ፣ ከማዘጋጃ ቤትና ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነው። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ ሄደ። መሐሙድ አሕመድ ከክብር ዘበኛ ወጣ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያስጮኸው በእነዚሁ ባንዶች ውስጥ አልፎ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ካልክ ደግሞ መንገዱ እስከ «አርባ ልጆች» ይወስድሃል፤ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ ውጭ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ ሲነፉ ሰምተዋቸው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ናቸው። የእነሱ መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከእሱም በኋላ ዘመዱ ነርሲስ ናልባንዲያን ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አስተማሩ። በዓለማየሁ ዘፈን ውስጥ ጥሩምባውና ሳክስፎኑ አንድ ላይ ሲገቡ የምትሰማው ድምፅ የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የፈጀ ትምህርት አለበት።

ከዚያ አምሃ እሸቴ አለ። የአባታቸው ስም ስለገጠመ ከዓለማየሁ ጋር ወንድማማች የሚመስሉት ሰው ብዙ ነው፤ አይደሉም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ የወጣቶቹን አዲስ ሙዚቃ የሚያሳትም ግን አልተገኘም። አምሃ ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ፣ ሙዚቃ ቤት የከፈተ ወጣት ነበር። ሊከሰስ እንደሚችል እያወቀ በፈረንጆች 1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራው የዓለማየሁ ድምፅ ነበር፤ ሸክላውም ህንድ አገር ታትሞ መጣ። አብዮቱ እስኪያቋርጠው ድረስ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ትልልቅ ሸክላዎች አሳተመ። ዛሬ ከቶኪዮ እስከ ፓሪስ የኢትዮጵያ ሙዚቃ እየተባለ የሚሰማው ሙዚቃ ብዙው ከዚያ የተቀዳ ነው። አምሃም ያረፈው በዚያው በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሸክላ የዘፈነውንም ያሳተመውንም በአንድ ዓመት ውስጥ ቀበርናቸው ማለት ነው። በሰፈሬ ለዓለማየሁ ሲለቀስ ሰማሁ፤ ለአምሃ ሲለቀስ አልሰማሁም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

«ይህ ሁሉ የፒያሳና የብሔራዊ ቴአትር ታሪክ ነው፣ ከአቃቂ ጋር ምን አገናኘው?» ትለኝ ይሆናል። የአቃቂ ልጅ ሆነህ እንዲህ አትበል። ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ድምፅ ወደ ውጭ የወጣው እዚሁ አቃቂ ከተተከለው ጣቢያ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም አቤት ያሉት በእሱ በኩል ነው። የባቡሩ ሐዲድም በዚህ አለፈ፣ በሐዲዱ ዳርና ዳርም ፋብሪካዎቹ ተተከሉ። ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ የሠራ ሰው ደግሞ ስለ ጆሮ ሌላው የማያውቀውን ያውቃል። የሽመናው ማሽን ሲነሳ አጠገብህ ያለው ሰው ቢጮህ አትሰማውም፤ የምንግባባው በከንፈርና በእጅ ምልክት ነበር። ስምንት ሰዓት እንዲህ ቆይተህ ስትወጣ ማሽኑ በር ላይ አይቀርም፤ ጆሮህ ውስጥ አብሮህ ይሄዳል። ከሺፍት ወጥተን ቡና ቤት ስንቀመጥ ዘፈን ተከፍቶ እንኳ መጀመሪያ አይሰማንም ነበር። ቀስ እያለ የማሽኑ ጩኸት ሲለቅ ቀድሞ የሚመጣው ባሱ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ባለው እጅህ ጭምር ታውቀዋለህ። ቀጥሎ ከበሮው፣ ከዚያ ጥሩምባው ይገባል። ቃሉ የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው። ዘፈን ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ያወቅኩት እንዲያ ነው። ዛሬ ወጣቱ ዘፋኙን ብቻ ሲሰማ ሳይ፣ ጆሮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከእኛ ያነሰ የሚሰማ ይመስለኛል።

እስቲ «ተማር ልጄ»ን ከፍተህ ቁጭ በል። ርዕሱን ሳትሰማው አታድግም፤ የኛ ትውልድ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኙ በምክር ምትክ የሚያንጎራጉሩት ዘፈን ነው። ሥራ እየሠራህ፣ መንገድ እየሄድክ አይሆንም። መጀመሪያ ቃሉን ብቻ ተከተል። አባት ለልጁ የሚናገረው ነገር ነው፤ ዓለማየሁ ግን እንደ ተቆጣ አባት አይዘፍነውም፣ እንደሚለምን አባት ነው። የት ላይ ድምፁን እንደሚያለሳልሰው፣ የት ላይ እንደሚያከረው ልብ በል። ሲያልቅ መልሰህ ክፈተውና አሁን እሱን ተወው፤ ከኋላው ያሉትን ስማ። ባስ ጊታሩ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ምን ያደርጋል? ነፋሾቹ መቼ ዝም ይላሉ፣ መቼስ ይመልሱለታል? አንዴ ይህን ከለየህ በኋላ ዘፈኑ እንደ በፊቱ አይሆንልህም። ከዚያ «አዲስ አበባ ቤቴ»ን፣ ቀጥሎም «ጨሮ አዳሪ ነኝ»ን በዚሁ ዓይነት ስማ። ያ የሚለምን አባት እዚህ ሌላ ሰው ሆኖ ታገኘዋለህ።

እኛ ሳንወድ በግድ እንዲህ እንድንሰማ ያደረገን ሸክላው ነበር። ትንሹ ሸክላ የድስት ክዳን አይሞላም፤ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል፣ በአንዱ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በሌላው አንድ ዘፈን። ጥቂት ደቂቃ ሄዶ ያበቃል። መርፌዋን አንስተህ፣ ጠርዙን በሁለት መዳፍህ ይዘህ ትገለብጠዋለህ፤ ገጹን በጣት መንካት ነውር ነበር። ዘፈኑ እስኪያልቅ የምታደርገው ሌላ ነገር ስለሌለህ መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት ታነባለህ። የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ያቀናበረው ሰው ስም ይገኛል። ግርማ በየነ የሚለውን ስም ብዙዎቻችን ያወቅነው እንዲህ ስናነብ ነው።

ግርማ በየነን ካላወቅከው ዓለማየሁን በግማሽ ነው የምታውቀው። ፒያኖ ይጫወታል፣ ይዘፍናል፣ ከሁሉ በላይ ግን ያቀናብራል፤ ዓለማየሁ የዘፈናቸው ብዙዎቹ ዘፈኖች የእሱ እጅ አለባቸው። ሁለቱ በኋላ ዓለም ግርማ ባንድን በስማቸው መሠረቱ። ከዚያ ግርማ አሜሪካ ሄዶ ለብዙ ዓመታት ከመድረክ ራቀ፤ እዚህ ስሙን የሚያነሳው ሰው አነሰ። ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በፈረንጆች 2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም ሲያወጣ «ይህ ሰው አለ እንዴ?» ያለው ሰው ብዙ ነው። የጠፋው እኮ ሰውየው አይደለም፤ የኛ መጠየቅ ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ኤልቪስ በ1956 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያናወጠበትን «ሃውንድ ዶግ» ቀድማው በሸክላ የዘፈነችው ቢግ ማማ ቶርንተን የምትባል ጥቁር ሴት ናት፤ የደረሱት ደግሞ ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ኤልቪስ በ1977 በ42 ዓመቱ ከሞተ ወዲህ አድናቂዎቹ በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ ሜምፊስ ከተማ ያለው ቤቱ ደጃፍ ሻማ እያበሩ ይሰበሰባሉ። ቀን ቆርጠው ማስታወሳቸውን እወድላቸዋለሁ። ለቶርንተን ግን ያን ያህል ሻማ የሚያበራ የለም። አንተ እንዲህ አታድርግ። የአንድ ዘፈን ግጥም ደራሲ፣ የዜማው ባለቤት፣ አቀናባሪው፣ ባስ የመታው፣ ጥሩምባ የነፋው ሰው ሁሉ ሟች ነው፤ ዘፋኙ ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እነሱ ሲሞቱ ከዕድራቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

ስለ ድንኳን ካነሳን፣ የጥላሁንን ቀብር አትረሳውም፤ ባትደርስበት እንኳ ሲወራ ሰምተሃል። በ2001 ዓ.ም. የትንሣኤ ዕለት፣ ሚያዝያ 11 ቀን አረፈ። የፆም መፍቻው ማዕድ ላይ ነው ብዙ ቤት መርዶው የደረሰው። መስቀል አደባባይ ሕዝብ ሞላ፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በመንግሥት ክብር ተቀበረ። ከአቃቂም በአውቶቡስ ተሳፍሮ የሄደው፣ መኪና ሲያጣ እስከ ሳሪስ በእግሩ የወጣው ሰው ብዙ ነበር። ያ ክብር ይገባው ነበር፤ አንድም አልበዛበትም። ነገር ግን ዓለማየሁን ጨምሮ ከእሱ ጋር አንድ መድረክ የተካፈሉ ሁሉ እንዲህ አልተሸኙም፤ ዘመኑም አንድ አልነበረም። ዓለማየሁ ያረፈው ወረርሽኙና ጦርነቱ አገሩን ባስጨነቁበት ጊዜ ነው፤ ለቅሶ የሌለበት ቤት ጥቂት ነበር። የአንድ ሰው ዋጋ በቀብሩ ላይ በተገኘው ሕዝብ አይመዘንም፤ ስንት ሰው እንደሸኘው ቆጥረህ ዘፋኝን ከዘፋኝ አታበላልጥ።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ ልለምንህ። እኛ ሽማግሌዎች ስለ ዘመናችን ስናወራህ ሁሉን አትመን። «ያኔ ሙዚቃ ነበር፣ ዛሬ ምን አለ» ስንልህ ናፍቆታችንን እየነገርንህ ነው፤ ታሪክ መንገራችን አይደለም። ያ ወርቃማ የሚባለው ዘመን ጥቂት ዓመታት ነው የቆየው። በንጉሡ ጊዜ ሳንሱር ነበር። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ አዲስ አበባ ማታ ማታ በሯን ዘጋች፤ ይህ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ። እስከ ንጋት ይጫወት የነበረ ባንድ በጊዜ መሣሪያውን ሰብስቦ ይገባ ጀመር፤ በር ተቆልፎበት እዚያው የሚያድርም ነበር። ስንቱ ሙዚቀኛ አገር ጥሎ ሄደ፣ ስንቱ ሙያውን ተወ። ዓለማየሁ ያንን ሁሉ አልፎ በፈረንጆች 2008 ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ከመሐሙድ አሕመድና ከጌታቸው መኩሪያ ጋር ሲቆም፣ ኤቲዮፒክስ የሚባለው የፈረንሳዩ ተከታታይ አልበም ዘጠነኛውን ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሲሰጥ፣ ያ ሁሉ የተገኘው በጣም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ስታስታውሰው የሸሚዙን ኮሌታና የጸጉሩን አበጣጠር ብቻ አታስታውስ። ድምፁን ለመሸጥ የማይመች ዘመን ውስጥ ድምፁን ሳያበላሽ ያቆየ ሰው መሆኑንም አስታውስ። የዛሬዎቹን የአንተን ዘፋኞችም በእኛ ናፍቆት አትለካቸው፤ ከእነሱም መሐል በሥራው የሚቆይ አለ፣ እሱን የምታውቀው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም።

አሁን በእጅህ ወዳለው ሥራ ልምጣ። ቤታችሁ ቁም ሳጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር የአያትህ ሸክላዎች፣ የአባትህ ካሴቶች ካሉ ሳታይ አታስወጣቸው። ሸክላ ፈልገው በየሰፈሩ የሚዞሩ ሰዎች አሉ፤ እዚህ ለአንድ ኪሎ ቡና የማይበቃ ዋጋ ከፍለው የሚወስዱት ሸክላ ውጭ አገር በመቶዎች ዶላር ሊሸጥ ይችላል። መሸጥ ግድ ከሆነ፣ ችግር ያመጣው ነገር ነውና አልቆጣህም፤ ከመሸጥህ በፊት ግን ማጫወቻ ካለው ሰው ዘንድ ወስደህ አስቀዳው፣ የመሐሉንም ወረቀት በሁለቱም ገጽ በስልክህ ፎቶ አንሳው። ካሴት ከሆነ ሽፋኑን አትጣለው። እዚያ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፉት ስሞች ሌላ ቦታ ላይገኙ ይችላሉ።

ከዚያ ሰዎቹን ጠይቅ። በአቃቂ፣ በቃሊቲ፣ በገላን በየበረንዳው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ዝም ያሉት የሚናገሩት አጥተው አይደለም። «የድሮ ዘፈን ትወዳላችሁ?» ብለህ አትጀምር፤ «አዎ» ብለው ዝም ይሉሃል። አንድ ዘፈን ክፈትላቸውና «ይህን ስትሰሙ የት ነበራችሁ?» በላቸው። የቱ ቡና ቤት ሸክላ ማጫወቻ እንደነበረው፣ ማን ጥሩ ይጨፍር እንደነበር፣ የሰፈሩ የትኛው ልጅ ወታደር ባንድ ገብቶ ጥሩምባ እንደነፋ ይነግሩሃል። ስልክህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀህ ቅዳቸው። ሴቶቹንም አትዝለል። ከፋብሪካው ሠራተኛ ብዙው ሴት ነበር፤ ዘፈኑን ከነግጥሙ በቃላቸው የያዙት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው። ስም ሲነግሩህ በትክክል ጻፈው፤ ሳታረጋግጥ የእገሌ ዜማ ነው ብለህ አትለጥፍ። የተሳሳተ ስም አንዴ ከተሰራጨ መልሶ ማረም እንዴት ከባድ እንደሆነ አይተናል።

ገንዘብም አለበት፣ ይህን በግልጽ ልናገር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይጠብቃል። የምትወደው ሰው ከሞተ በኋላ ዘፈኑን ከሌላ ሰው ላይ ገልብጠህ፣ የራስህን ስም ጽፈህበት ብታሰራጭ፣ ለቅሶ ቤት ገብተህ ከሳጥኑ እንደ መስረቅ ነው። በሕጋዊ መንገድ ሲሸጥ ካገኘኸው ግዛው። ካፌ ወይም ምግብ ቤት ከከፈትክ ደግሞ ደንበኛህን የሚያስቀምጥልህ ዘፈን ባለቤት እንዳለው አትርሳ። ለሞተ ዘፋኝ ሐውልት እናቁም ብሎ ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው አይጠፋም፤ ጥሩ ነው። እኔ ግን አንድ በሕይወት ያለ ባስ መቺ የቤት ኪራዩ ቢከፈልለት እመርጣለሁ።

እንግዲህ ነሐሴ 27 በየዓመቱ ይመጣል። ለሥጋ ዘመድ ሙት ዓመት እናወጣ የለም? ለእሱም እናውጣለት። ጓደኞችህን ይዘህ ከቀትር በኋላ ወደ እኔ ዘንድ ና፤ ፈንዲሻውንና ቡናውን እኛ እናዘጋጃለን። እያንዳንዳችሁ አንድ የዓለማየሁ ዘፈን መርጣችሁ ኑ፤ ማን እንደደረሰው፣ ማን እንዳቀናበረው የቻላችሁትን ያህል ጠይቃችሁ፣ በወረቀት ጽፋችሁ። ያልተገኘውን ስም እዚያው ሽማግሌዎቹን እንጠይቃለን። ከእናንተ ዘመን ዘፋኞችም አንድ ጨምሩበት። እኔ ከማጫወቻው አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ጆሮዬን ፋብሪካው ትንሽ ስለጎዳው ቃሉ ዘግይቶ ይደርሰኛልና፣ ሁለቴ ክፈቱልኝ።